ይሉኝታ ቢሱ ተረኛ

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ሲደርስ ታዲያ ሰው አይሰለፍም፤ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው። ቢጫው፣ ነጩ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈው፣ እጀታው ላይ ለምልክት ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ ሁሉም ከቦኖው እስከ ሱቁ ጥግ ተደርድሮ ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ቤታቸው ገብተው ቡና ያፈላሉ። አንዳንዱም ሥራ ገብቷል።

በዚህ አልከፋም። ጀሪካን ወረፋ ይያዝ፤ ሰውም ጉልበቱን ያሳርፍ። የሚያበግነኝ ተራው ደርሶ ባለቤቱ የማይመጣ ጀሪካን ነው። ቦኖው ሥር ተጎልቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ ማንም ሳይቀዳበት ከኋላው ያለውን ሠራዊት ሁሉ ያቆማል። "የማነው ይሄ?" ይላል አንዱ፣ የማን እንደሆነ እያወቀ። "እስቲ ገፋ እናድርገው?" ይላል ሌላው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ። "ኧረ ተዉ፣ ኋላ ይቀየሙናል" ትላለች ሦስተኛዋ። ውሃው ሊሄድ ይደርሳል፤ እኛ አንድ ባዶ ፕላስቲክ አክብረን እንቆማለን።

ሥራዬ ደግሞ ባክአፕ ሰርቨር ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ከሰፈር ጀሪካን አምልጬ ቢሮ ስገባ ሌላ ጀሪካን ይቀበለኛል።

መሥሪያ ቤታችን፣ ስሙ ይቆየንና፣ ቀን የጻፈውን፣ የደመረውን፣ የቀነሰውን ሁሉ ሌሊት ወደ አንድ ሰርቨር ይገለብጣል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ተብሎ የለ? ኮምፒውተር ሲቃጠል፣ ፋይል ሲጠፋ፣ ቫይረስ ሲገባ የትናንቱን ቅጂ ከዚያ እናወጣለን። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ለማነጋገር ሴሽን ይከፍታል። ሰርቨሩ ካልነኩት በቀር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 25 ሴሽን ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ እኛም አድርገናል፤ ግን የትም ቢያደርሱት መጨረሻ አለው።

ሶፍትዌሩ የአይቢኤም ነው። በ1993 ሲወጣ ኤ ዲ ኤስ ኤም ይባል ነበር፤ በ1999 ቲቮሊ ስቶሬጅ ማናጀር ሆነ፤ በ2015 ስፔክትረም ፕሮቴክት፣ በ2023 ደግሞ ስቶሬጅ ፕሮቴክት ተባለ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) እኛ ዘንድ ግን አንዴ ቲ ኤስ ኤም ብለን ክርስትና አንስተነዋል፤ እነሱ ስሙን ቢቀያይሩም ቲ ኤስ ኤም ነው። አዲሱን ስም የሚጠራው ከሻጩ ጋር የሚጻጻፈው ግዥ ክፍል ብቻ ነው።

እንግዲህ ሌሊት ላይ ስክሪኑን ከፍታችሁ "እነማን አሉ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ዝርዝር ያወጣል። የሴሽኑ ቁጥር፣ ምን ላይ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንደጠበቀ፣ ስንት ባይት እንደላከና እንደተቀበለ፣ የኮምፒውተሩ ስም። አብዛኛው ይሮጣል። ከመሐል ግን አንዱ "ሪሲቭ ዌይት" ብሎ ተቀምጧል። ሰርቨሩ ቀጣዩን ቃል ከሱ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። የጠበቀበትን ጊዜ ብታዩት አምስት ሰዓት። እኛ ሃንግ አደረገ የምንለው ይህን ነው።

እንዴት ሃንግ ያደርጋል? ሠራተኛዋ ባክአፑ ገና ግማሽ ላይ እያለ ላፕቶፗን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ወይ ቅርንጫፉ ላይ መብራት ይሄዳል፤ ዩፒኤሱ ጥቂት ይንጫጫና እሱም ያርፋል። ላፕቶፑን የሚዘጋ ሰው ሰርቨሩን አይሰናበትም። መብራትማ ማንን ተሰናብቶ ያውቃል።

ሰርቨሩ ደግሞ ካልተሰናበቱት አይጠረጥርም። ማሽኖች የሚነጋገሩበት ቲሲፒ የሚባለው ደንብ በ1981 የተጻፈ ነው። በዚያ ደንብ አንዱ ወገን ድምፁ ቢጠፋ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የሚልከው ነገር ከሌለው ዕድሜ ልኩን ሊጠብቅ ይችላል። በ1989 የወጣው ማሻሻያ "አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅን ፈቅዷል፤ ግን ፕሮግራሙ ካላዘዘ አይጠየቅ፣ ልማዱም ከሁለት ሰዓት ዝምታ በፊት አይሁን ይላል። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይህን ይዞ፣ ጠይቅ ከተባለ፣ 2 ሰዓት ሙሉ ይታገሳል፤ ከዚያ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይጣራል፤ መልስ ሲያጣ ከ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በኋላ ተስፋ ይቆርጣል። ደንቡን ያወጡት አሜሪካኖች መሆናቸውን ባላውቅ ኖሮ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው እል ነበር። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ ግን ስለ ጨዋነት አያነሱም፦ መስመር ለጥቂት ጊዜ ሲታወክ ደህናው ግንኙነት እንዳይበጠስ፣ መስመር በከንቱ እንዳይያዝ፣ በተላከ ቁጥር የሚያስከፍል ቦታም ገንዘብ እንዳይባክን ነው ይላሉ።

ቲ ኤስ ኤም ራሱ እንዲህ ታጋሽ አይደለም። ከፋብሪካው ሲወጣ ሥራ መሐል ላይ ዝም ላለ 60 ሰከንድ፣ ሥራ ሳይዝ ለተቀመጠ ደግሞ 15 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በር ያሳየዋል።

60 ሰከንድ! እስቲ በእኛ መስመር 60 ሰከንድ ምን ትባላለች? ከሩቅ ቅርንጫፍ ጋር በስልክ "ሃሎ፣ ይሰማል?" ተባብሎ ለመግባባት እንኳ አትበቃም። መጀመሪያ አካባቢ ቅርንጫፎቹ በሙሉ እየተቆረጡ "ባክአፕ አልሠራልንም" የሚል ደብዳቤ ጎረፈ። አዘንንላቸው። 60 ሰከንዱ ወደ ደቂቃዎች፣ ደቂቃዎቹ ወደ ሰዓቶች ተለጠጡ። ለዘገምተኛው የተደረገው ደግነት ለጠፋውም ደረሰው። የሄደውም ያለውም በአንድ ዓይን የሚታይበት ሰርቨር አገኘን።

"ታዲያ አንድ ሴሽን ዝም ቢል ምን ይጎዳል?" ብሎ የጠየቀኝ የፋይናንስ ሰው ነበር። ቅጂው የሚጻፍበት ቴፕ ድራይቭ ስንት ብር እንደሚያወጣ ከኔ በላይ ያውቃል። ድራይቮቻችን ጥቂት ናቸው። አንዱ ሃንግ ያደረገ ሴሽን አንድ ድራይቭ ይዞ ሲቀመጥ፣ ቴፕ የሚፈልጉት ሌሎቹ ሁሉ "ሚዲያ ዌይት" እያሉ ከኋላው ይቆማሉ። ሊነጋ ሲል እነሱ ምንም ሳይገለብጡ ሰዓታቸው ያልፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሰርቨሩ የሚሠራውን ሁሉ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ሥራው ሲያልቅ ያንን ገጽ ነፃ ያደርገዋል። አንድ ሴሽን ሥራ ጀምሮ ካልጨረሰ ግን የእሱ ገጽ አይለቀቅም፤ ከሱ በኋላ የተጻፉትም፣ የተጠናቀቁት ሳይቀሩ፣ አብረው ይታሰራሉ። መዝገቡ ይሞላል። መዝገቡ ሲሞላ ሰርቨሩ ራሱ ይቆማል። በድሮው በ5ኛው ሥሪት መዝገቡ ከ13 ጊጋባይት በላይ ማደግ አይችልም ነበርና፣ አንዲት ቦርሳ ውስጥ የተኛች ላፕቶፕ መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ባክአፕ አልባ ልታሳድር ትችል ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች ሴሽን ጨምሩበት።

ይህን ሁሉ ለዓመታት በእጃቸው ሲያቃኑ የኖሩት የሌሊት ተረኛችን ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ጋሼ ነው የሚሏቸው። ጋቢያቸው፣ የሻይ ፔርሙዛቸውና ባለ ካሬ መስመር ደብተራቸው ከሰርቨሩ እኩል የክፍሉ ንብረት ናቸው። በደብተሩ የሌሊቱን ነገር በሰማያዊ ቢክ ይመዘግባሉ፤ በእኛ ሰዓት፣ በእኛ ቀን። ሰርቨሩ 02:00 የሚለውን እሳቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሉታል። ሰርቨሩ ሴፕቴምበር 8 ያለውን ጳጉሜን 3 ብለው ይጽፋሉ። ኦዲተር በመጣ ቁጥር ሁለቱን መዝገብ ማስታረቅ የእኔ ዕዳ ነው። ደግነቱ እስካሁን የተሳሳተው የጋሼ ደብተር ሆኖ አያውቅም።

ጋሼ ሴሽን ሲያቋርጡ ማየት ነበረባችሁ። ዝርዝሩን ይከፍታሉ፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ። ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ ያሳርፋሉ። "ይቺ የሒሳብ ክፍሏ ናት፤ ልማዷ ነው፣ ትመጣለች" ብለው ያልፏታል። ቀጣዩ ላይ ይቆማሉ። ወዲያው ኢንተር የሚጫኑ እንዳይመስላችሁ። ስልክ ያነሳሉ።

"ሃሎ። እንደምን አመሻችሁ? ሰላም ነው? ልጆቹስ? ... እንደው ይቅርታ፣ ሁለተኛ ፎቅ መብራት አለ እንዴ? ... እስቲ በሞቴ ወጣ በልና የገንዘብ ቤቱን ኮምፒውተር እየው፤ እጠብቅሃለሁ።"

የቅርንጫፉ ጥበቃ ባትሪውን ይዞ ደረጃ ይወጣል። ጋሼ መነጋገሪያውን በጆሯቸውና በትከሻቸው መሐል ይዘው ሻያቸውን ይቀዳሉ። ከወዲያኛው ጫፍ የሚሰማ ነገር የለም፤ የአንድ ውሻ ጩኸት ብቻ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ጥበቃው እያለከለከ ይመለሳል። "ጋሼ፣ ጨለማ ነው። መብራት ከምሽት ጀምሮ የለም።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ነፍስ ይማር እንግዲህ" ይሉና ያን ጊዜ ኢንተር ይጫናሉ።

ታዲያ ሰርቨሩም የዋዛ አይደለም። "ካንስል" የተባለ ሴሽን በዚያች ቅጽበት አይወጣም። አንዳንዱ፣ በተለይ ቴፕ የሚጠብቀው፣ ትእዛዙን ከሰማ በኋላም ዝርዝሩ ላይ ይቆያል። ጋሼ በዚህ አይገረሙም። "ሰው እንኳ ጡረታ ወጥቶ ቁልፍ እስኪያስረክብ ስንት ወር ይፈጅበታል" ነው የሚሉት።

እንዲህ ስንኖር አዲስ ልጅ ተቀጠረች። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው፤ ፈጣን ናት፣ እጇ ኪቦርድ ላይ ሲሄድ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። አንድ ሌሊት ከጋሼ ጋር አደረች። ሦስት ቅርንጫፍ ሲደውሉ፣ ሦስት ጥበቃ ሲቀሰቅሱ አየች። ጠዋት ላይ "ይሄ እኮ በስክሪፕት ያልቃል" አለች።

የስክሪፕቱን የመጀመሪያ ረቂቅ በወረቀት አትማ ነው ለጋሼ ያመጣችላቸው፤ አክብሮቷን በዚህ ወደድኩላት። ሐሳቡ አጭር ነበር። ሰርቨሩ የሴሽኖቹን ዝርዝር እንደ ሰንጠረዥ ይይዘዋል፤ በጥያቄ ማውጣት ይቻላል። ስክሪፕቱ በየሩብ ሰዓቱ ይነሳል፣ ከ30 ደቂቃ በላይ የጠበቀውን ሁሉ ይለቅማል፣ ያቋርጣል፣ ተመልሶ ይተኛል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱ። የትናንቱን ሌሊት ዝርዝር ከደብተራቸው አወጡና አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አደረጉ።

"በዚህ በአንቺ ሕግ ይሄኛው ይወጣል?"

"አዎ ጋሼ። 40 ደቂቃ ቆሟል።"

"ምን እየጠበቀ?"

"ሚዲያ ዌይት ላይ ነው። ቴፕ።"

"ቴፑን ማን ይዞታል?"

ልጅቷ ወደ ላይ ወደ ታች አየች። "ይሄኛው፣ ሪሲቭ ዌይት ላይ ያለው። እሱ ግን ገና 28 ደቂቃው ነው።"

"እና የኔ እናት፣ ወረፋ የያዘውን አስወጥተሽ ወረፋ ያስያዘውን ልትተዪው ነው?"

ወረቀቱን ይዛ ሄደች። እኔም ቀና ብዬ ሳላይ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ቦኖው ሥር ባዶውን ጀሪካን ትተው ከኋላው ያሉትን ገፍተው የሚያልፉ ጎረቤቶች ትዝ ብለውኝ ሳቄ መጥቶ ነበር።

ሁለተኛው ረቂቅ ቴፕ የሚጠብቁትን ተወ። ጋሼ ሌላ መስመር አሳዩ። "አይድል ዌይት" ይላል፤ ሥራ አልያዘም፣ አይልክም፣ አይቀበልም፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም ብሏል። በማንም ሕግ መውጣት ያለበት ነው። "ይሄንን እንዳትነኪው" አሏት። ምክንያቱም ኮምፒውተሮቹ ባክአፕ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም፤ ቢያንስ ሁለት ሴሽን ይከፍታሉ። አንደኛው ምን ምን ፋይል እንዳለ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ይሸከማል። ተሸካሚው ብዙ ሲጭን ጠያቂው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሥራ ፈቱን ስታባርሩት ኮምፒውተሩ ደንግጦ እንደገና በር ያንኳኳል፤ ጊዜ ይባክናል፣ ሎጉ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። የዝምታው ምክንያት በዚያ መስመር ላይ የለም፤ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ በዚያው ኮምፒውተር ስም ተጽፏል።

በነገራችን ላይ አምራቾቹም ይህን ጣጣ አስበውበታል። ሴሽኑ ከዚህ ያህል ደቂቃ በኋላ በሰከንድ ከዚህ ያህል ኪሎባይት በታች የሚያስተላልፍ ከሆነ ይቋረጥ የሚል መመዘኛ አለው። ፍጥነቱን ሲያሰላም ቴፕ እስኪጫን የጠበቀበትን ጊዜ አይቆጥርበትም፤ የጋሼ ፍርድ እዚያም ገብቷል ማለት ነው። ግን መመዘኛው ከፋብሪካ የሚመጣው ዜሮ ሆኖ ነው፤ ተኝቷል። ልጅቷ ይህን ስታገኝ ፊቷ በራ። ለአንድ ሳምንት ሞከርነው። መመዘኛው ለሁሉም አንድ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ያለውንና በቀጭን መስመር የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ያለቀላቸው ቅርንጫፎቹ ናቸው። መልሰን ዜሮ አደረግነው።

የመጨረሻው ስክሪፕት ከጋሼ ልማድ የተቀዳ ነው። አንድ ጊዜ ያያል፤ የእያንዳንዱን ሴሽን የባይት ቁጥር ይመዘግባል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ያያል። ቁጥሩ አንዲት ባይት እንኳ ከተንቀሳቀሰ ይተዋል። ካልተንቀሳቀሰ በዚያው ኮምፒውተር ስም የሚሠራ ሌላ ሴሽን እንዳለ ይፈልጋል። ከሌለ፣ ቴፕም ካልጠበቀ፣ ያን ጊዜ ያቋርጠዋል። የቀረው ለጥበቃው መደወል ብቻ ነበር። ጋሼ ይህንንም ቢያስገቡት ደስ ይላቸው ነበር። ልጅቷ በጨዋነት እንቢ አለች።

ሥራ በጀመረ ማግስት ቴፖቹ ተለቀቁ፤ ባክአፑ ሊነጋጋ ሲል አለቀ። እንዲህ ያለ ጠዋት በዚያ ክፍል ታይቶ አያውቅም። እኔ ግን ከሰርቨሩ ይልቅ የሰዎቹ ነገር ነው የገረመኝ።

ከዚህ በፊት ማንም ሰው ላፕቶፑ ሲቋረጥበት ጋሼ ላይ አይጮህም ነበር። ጋሼ ደውለዋል፣ ጠይቀዋል፣ ነፍስ ይማር ብለዋል። አሁን "ማነው ያስወጣኝ?" የሚል ሰው ሲመጣ የምንሰጠው መልስ "ሲስተሙ ነው" የሚል ሆነ። "ሲስተም የለም" እየተባለ በየመስኮቱ ሲመለስ የኖረ ሕዝብ ሲስተም ኖሮ ሲያባርረው ምን እንደሚል አያውቅም። ቆሞ ትንሽ ያስባል፤ ይሄዳል። እኛም ደስ አለን። ለዓመታት ፊት ለፊት መናገር ያቃተንን "ተነሣልኝ" በሰው ሳይሆን በማሽን አስነገርን። ስክሪፕቱ ይሉኝታ የለውም፤ ጎረቤት አይደለም፣ ልቅሶ አይደርስም፣ ዕቁብ አብሮ አይጥልም።

ይህ ደስታ የቆየው ሰዎቹ ስክሪፕቱን የጻፈ ሰው እንዳለ እስኪደርሱበት ነው።

መጀመሪያ የመጣችው የአንድ መምሪያ ኃላፊ ጸሐፊ ናት። "የእሳቸውን ላፕቶፕ ብቻ እንዳይነካው አድርጊልኝ፤ ይናደዳሉ።" ልጅቷ ስክሪፕቱ ውስጥ አንዲት የማይነኩ ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከፈተች፤ አንድ ስም ገባ። ቀጥሎ የኦዲት ክፍል መጣ፤ ኦዲትን እንዴት እንቢ ይባላል? ቀጥሎ ግዥ፣ የሶፍትዌሩን አዲስ ስም እየጠራ። ከዚያ የዚያች ጸሐፊ የአክስት ልጅ የሚሠራበት ቅርንጫፍ። ሲውል ሲያድር ዝርዝሩ ከስክሪፕቱ በለጠ። የሚያስቀው፣ ሃንግ በማድረግ ቀደምት የነበሩት እነዚያው ኮምፒውተሮች መሆናቸው ነው። ፈጣኑ ነፃ አውጡኝ ብሎ አይለምንም፤ ምን አስጨንቆት። ስክሪፕቱ ሰው አፍ ላይ ይሉኝታ ቢስ እንደተባለ ቀረ፤ በውስጡ ግን ይሉኝታችንን በፊደል ተራ ደርድረን አስገብተንበታል።

ጋሼና ልጅቷ አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከሩ። እሷ ስክሪፕቱ ስህተት ሲገጥመው ብቻ ኢሜይል ይላክ አለች፤ በየቀኑ "ደህና ነኝ" የሚል መልእክት ማን ያነባል? እሳቸው ደግሞ ደህናም ሲያድር ይናገር አሉ። "ዝም ያለ ተረኛ ተኝቶም ሊሆን ይችላል።"

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ ምስክሬም ሩቅ ነው። ጊትላብ የሚባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በጃንዋሪ 31፣ 2017 ሌሊት የደረሰበትን ራሱ በዝርዝር ጽፎ አውጥቶታል። የደከመ መሐንዲስ ፋይሎችን ማጥፊያውን ትእዛዝ በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሰጠ፤ ደርሶ ቢያቆመውም 300 ጊጋባይት ከሚያህለው ዳታ የተረፈው 4.5 ብቻ ሆነ። ባክአፕ አለን ብለው ወደ ባክአፑ ሄዱ። ባክአፑ ባዶ ነበር፤ የሚገለብጠው ፕሮግራም ሥሪቱ ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ በየቀኑ እየከሸፈ ኖሯል። መክሸፉን የሚናገር ኢሜይልም በየቀኑ ይላክ ነበር፤ ግን ላኪውን የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ማንም ቅሬታ ስላልሰማ ሁሉም ሰላም መሰለው። ያዳናቸው አንድ ሰው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ጉዳይ በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኛ ብቻ አለመሆኑን ሳነብ፣ አይዞን የሚል ነገር ተሰማኝ። ኩባንያው ዳታውን ሲመልስ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ እያሳየ ነበር፤ ይህን ያህል ገመና ማውጣት እኛ ዘንድ አይታሰብም።

ጋሼ አሸነፉ። ስክሪፕቱ አሁን በየጠዋቱ ስንት እንዳየ፣ ስንት እንዳቋረጠ፣ ስንት ደግሞ አይቶ እንዳለፈ ይጽፋል። ይሄ "አይቶ አለፈ" የሚለው ቁጥር ነው ነገር ያመጣው። ከቀን ወደ ቀን ሲያድግ ሥራ አስኪያጁ አዩት። "እነዚህ የማይነኩት እነማን ናቸው? ማንስ ፈቀደ?" ብለው ጠየቁ። እንደተለመደው መልስ በኮሚቴ ይሰጥ ተባለ። ማን ከዝርዝሩ ይውጣ፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ የሆኑት ስማቸው በመጀመሪያ የገባላቸው የመምሪያ ኃላፊ ናቸው።

ኮሚቴው አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ፈረመ። ከዚያ ሰብሳቢው ለሥልጠና ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል ገቡ፤ ከሥልጠናው ወደ ሌላ ሥልጠና አለፉ። ሰብሳቢነታቸውን አልለቀቁም፣ ስብሰባም አልጠሩም። ሌላ ሰብሳቢ እንዳይመረጥ እሳቸው አሉ፤ ሥራው እንዳይቀጥል እሳቸው የሉም። አባላቱ በኮሪደር ሲገናኙ "የእሳቸውን እየጠበቅን ነው" ይባባላሉ።

ባለፈው ሌሊት ልጅቷ ሻይ እየቀዳች "ጋሼ" አለች፤ "ለሰብሳቢው ስንት ደቂቃ እንስጣቸው?"

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ሰው በዝምታ አይፈረድበትም። መጀመሪያ ደውዪላቸው።"

"ደወልኩ። አያነሱም።"

"እንግዲያው" አሉ ደብተራቸውን እየገለጡ፣ "ለሆቴሉ ጥበቃ ደውዪ።"